ባላገሩ ዘፋኝ አጅ ከትለር

በእንግሊዝ አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ የሰቨርን ወንዝ ከባሕር ጋራ ከሚገናኝበት አጠገብ፣ ሶመርሴት የሚባል ግዛት አለ። ምድሩ ለምለም፣ ከብቱ ብዙ፣ ዝናቡም የማያቋርጥ ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሸጠው ቼዳር የተባለው ፎርማጆ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግዛት መንደሮች ከአንዲቱ ነው። አገሬው ግን ከፎርማጆው ይልቅ የሚመካበት ሌላ ነገር አለው፤ እርሱም ከፖም ጭማቂ የሚጠመቀው ሳይደር የሚባል መጠጥ ነው።

የሳይደር አጠማመቅ እንዲህ ነው። ፖሙ በመከር ወራት ይለቀምና ይፈጫል፤ የተፈጨው ፖም በገለባ መካከል እየተነባበረ በትልቅ መጭመቂያ ይጨመቃል፤ ጭማቂውም በእንጨት በርሜል ተሞልቶ በራሱ ጊዜ እስኪፈላ ድረስ ይቀመጣል። ሳይጣራ እንደ ደፈረሰ የሚጠጣው፣ ጠንካራውና ባላገሩ የሚወደው ዓይነት ስክረምፒ ይባላል። በድሮ ዘመን የሶመርሴት የእርሻ ሠራተኛ የደመወዙን ከፊል የሚቀበለው በገንዘብ ሳይሆን በሳይደር ነበረ፤ በትንንሽ የእንጨት በርሜል እየተሰፈረለት ወደ እርሻው ይዞት ይሄድ ነበረ። ይህን ልማድ የከለከለው በ1887 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ የዛሬው ታሪካችን ባለቤት ስለ ሳይደር በዘፈነ ጊዜ የዘፈነው ስለ መጠጥ ብቻ አልነበረም፤ የአገሩ ሰዎች ላብ ስለ ተከፈለበት ነገር ጭምር ነበረ።

ሶመርሴት የሚታወቅበት ሌላው ነገር አነጋገሩ ነው። የዚያ አገር ሰው በሰ የሚጀምረውን ቃል ወደ ዘ፣ በፈ የሚጀምረውንም ወደ ቨ እየለወጠ ይናገራል፤ ስለዚህ ሳይደር በእርሱ አፍ ዛይደር ነው። የቀረው እንግሊዛዊ ለትልቁም ለትንሹም፣ ለአንዱም ለብዙውም አንዲት ቃል ብቻ ይዞ አንተንና አንቺን፣ እናንተንና እርስዎን በአንድ ጆንያ ሲከት፣ የሶመርሴት ባላገር ግን ለአንድ ሰው ብቻ የምትነገረውን፣ አንተ ወይም አንቺ የምትለውን ጥንታዊ ቃል እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ከአፉ አልጣላትም።

ይህ አነጋገር በታሪክ ሲታይ የሚያሳፍር አልነበረም። ንጉሥ አልፍሬድ በ878 ዓ.ም. ዴንማርኮች መንግሥቱን በወረሩበት ጊዜ የተሸሸገው በሶመርሴት ረግረግ መካከል በምትገኘው በአቴልኒ ነበረ። ከዚያ ወጥቶ ጠላቱን ድል ከመታ በኋላ፣ በመንግሥቱ በዌሴክስ የሚነገረው ቋንቋ ቀስ በቀስ የሊቃውንትና የመጻሕፍት ቋንቋ ሆነ። ይሁን እንጂ ዘመን ተለወጠ፤ ቤተ መንግሥቱ ወደ ለንደን ዞረ፤ የለንደን አነጋገር የጨዋ፣ የምዕራቡ አነጋገር ደግሞ የባላገር ተባለ። ሼክስፒር በ1606 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው በንጉሥ ሊር ተውኔት ውስጥ የመኳንንት ልጅ የሆነው ኤድጋር ባላገር ለመምሰል በፈለገ ጊዜ ሰን ወደ ዘ ለውጦ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ቴአትር ሞኝ ገበሬ ባስፈለገው ቍጥር ይህንኑ አነጋገር ሲያመጣ ኖረ። እንዲያውም ተዋንያን ለዚሁ ብለው የፈጠሩት፣ የየትኛውም መንደር ያልሆነ የውሸት አነጋገር መመርሴት የሚል ስም ወጥቶለታል። የእንግሊዝ ራዲዮ ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. ዜና አንባቢዎቹን የሚመርጠው ከአንድ ዓይነት የጨዋ ቤት አነጋገር ስለ ነበረ፣ በጦርነቱ ጊዜ በ1941 ዓ.ም. ዊልፍሬድ ፒክልስ የሚባል የዮርክሻየር ሰው በአገሩ ቅላፄ ዜና ቢያነብ ብዙ አድማጭ ቅር ተሰኝቶ ነበረ። ከገጠር መጥቶ በከተማ ትምህርት ቤት አፉን በከፈተ ቍጥር የተሣቀበት ተማሪ ይህን ነገር ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

አለን ጆን ከትለር የተወለደው እንዲህ ባለው አገር፣ ፖርቲስሄድ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1930 ዓ.ም. ነው። ያደገው ግን ከብሪስቶል ከተማ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በናይልሲ ነበረ። አጅ የሚለው መጠሪያ ከሁለቱ ስሞቹ የመጀመሪያ ፊደላት፣ ከኤ እና ከጄ፣ ተገጣጥሞ የወጣለት የቁልምጫ ስም ነው። ናይልሲ ከ1788 እስከ 1873 ዓ.ም. በብርጭቆ ፋብሪካዋ የታወቀች ነበረች፤ በአጅ የልጅነት ዘመን ግን የብርጭቆው እቶን ከጠፋ ግማሽ ምእት ዓመት አልፎት፣ የከተማዋን ስም የሚያስጠራው የኮትስ ሳይደር ፋብሪካ ነበረ።

አጅ በዚያ ፋብሪካ ሠርቷል። በሰሜን ዌልስም ትራውስቪኒድ በሚባል ስፍራ የአቶም ኤሌክትሪክ ማመንጫ በሚሠራበት ጊዜ ከሠራተኞቹ አንዱ ሆኖ አገልግሏል። ስፔንን ይወድ ነበረ፤ ቋንቋዋንም አጥርቶ ተምሯል። በአንድ ወንበር ተቀምጦ የደረጃ ዕድገት የሚጠብቅ ሰው እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል። የሆነ ሆኖ በኋላ በዘፈኖቹ ውስጥ የምናገኛቸው ፍግ በታኝ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ከብት ጠባቂ፣ ሰካራም፣ መኪናውን ከማይወጣበት ሥርቻ ውስጥ የከተተ ሾፌር፣ እነዚህ ሁሉ ከመጽሐፍ የተገኙ አይደሉም፤ አብሯቸው ከሠራና አብሯቸው ከጠጣ ሰው የመጡ ናቸው።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለወደፊት ሕይወቱ የጠቀመው ግን ከአከር ቢልክ ጋራ የሠራው ነው። አከር ቢልክ የሶመርሴት ተወላጅ የሆነ የክላሪኔት ተጫዋች ነበረ፤ አከር የሚለው ስም እንኳ በአገሩ አነጋገር ባልንጀራ እንደ ማለት ነው። በ1961 ዓ.ም. ያወጣው በባሕሩ ዳር ያለው እንግዳ የሚል ርእስ ያለው ሙዚቃ በሚቀጥለው ዓመት በአሜሪካ አገር በሽያጭ አንደኛ ሆኖ ነበረ። አጅ የዚህ ሰው የጃዝ ጓድ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዘዋወር ጓዙን የሚያሰናዳና ጉዞውን የሚመራ ሠራተኛ ሆነ። በየአዳራሹ ጓዳ ቆሞ ብዙ ነገር ሳያይ አልቀረም። የቢልክ ጓደኞች ክብ ባርኔጣ ደፍተው፣ ባለመሥመር ሰደርያ ለብሰው ነበረ የሚጫወቱት፤ ቢልክም ቢሆን የትውልድ አገሩን ቅላፄ ከቶ ሸሽጎ አያውቅም። በእኔ አስተያየት አጅ የተማረው ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ የሶመርሴት ሰው የሶመርሴትን አነጋገር ሳይጥል በለንደን መድረክ ላይ መቆም እንደሚችል በዓይኑ አየ።

እዚህ ላይ ስለ እንግሊዝ የባላገር ዘፈን ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሴሲል ሻርፕ የሚባል የለንደን የሙዚቃ መምህር በ1903 ዓ.ም. ወደ ሶመርሴት መጥቶ ሐምብሪጅ በምትባል መንደር ተቀምጦ ሳለ፣ ጆን ኢንግላንድ የሚባል አትክልተኛ እየሠራ ሲያንጎራጕር ሰማው። ዜማውን ወዲያው ጻፈው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሻርፕ በየመንደሩ እየዞረ ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች እጅግ ብዙ ዘፈን ሰበሰበ፤ ብዙ እንግሊዛውያንም የአገራቸውን የጥንት ዘፈን ያወቁት በእርሱ ምክንያት ነው። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ባላገሩ ስለ ፍቅርና ስለ ሴት ሲዘፍን ነገሩን እንደ ወረደ ስለሚናገር፣ ሻርፕ ዘፈኖቹን ለትምህርት ቤትና ለጨዋ ቤት ባሳተመ ጊዜ ብልግና የመሰለውን ቃል ሁሉ እያለሰለሰ ነው ያወጣው። በማስታወሻ ደብተሩ ያለው ሌላ፣ በመጽሐፉ የወጣው ሌላ ሆነ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ የባላገር ዘፈን ፍቅር እንደገና ተነሣ። በለንደንና በሌሎች ከተሞች ተማሪዎችና መምህራን በየመጠጥ ቤቱ ሰገነት እየተሰበሰቡ የጥንቱን ዘፈን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን በጆሯቸው ላይ አድርገው ይዘፍኑ ጀመር። አጅ ከትለር በዚህ መካከል ነው ብቅ ያለው፤ መንገዱ ግን የተለየ ነበረ። የሞተ ዘፈን አልሰበሰበም። ይልቁንም በሚያውቃቸው መንደሮች ስም፣ በሚያውቃቸው ሰዎች ጠባይ፣ ባደገበት አነጋገር አዲስ ዘፈን እየጻፈ፣ ሰው እንዲሥቅበት አድርጎ አቀረበ። በእኛ አገር ቢሆን አዝማሪ እንለው ነበረ።

በ1966 ዓ.ም. ጓደኞቹን ሰብስቦ ዉርዝልስ የተባለውን ጓድ አቋቋመ። ስሙ የተወሰደው ማንገል ዉርዝል ከሚባለው የቀይ ሥር ዓይነት ነው፤ ይህም ተክል ለከብት መኖ የሚዘራ እንጂ ለጨዋ ገበታ የሚቀርብ አይደለም። ገና በስሙ እናንተ የምትንቁት ነገር እኛ ነን ያለ ይመስላል። መሣሪያቸው አኮርዲዮን፣ ባንጆ፣ ጊታርና በቦርጫም ድምፅ የሚያጓራው ትልቅ ጡሩምባ ነበረ። ልብሳቸውም የባላገር ባርኔጣ፣ ሰደርያና ያንገት መሐረብ ነው። አጅ በፊት ቆሞ ይዘፍናል፤ በዘፈንና በዘፈን መካከልም ወሬ ያወራል። ሲቀልድ ፊቱን አይፈታም፤ ሳይሥቅ የሚያሥቅ ሰው ነበረ። ድምፁ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ሚዛን ቢመዘን ምናልባት ብዙ ነጥብ አያገኝም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቃል በአዳራሹ መጨረሻ ላይ ለተቀመጠው ሰው ሳይቀር ይሰማል፤ ቀልድ ለሚዘፍን ሰው ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የኢ.ኤም.አይ. ሸክላ ኩባንያ ዉርዝልስን ለመቅዳት ወሰነ። ይህ ኩባንያ ቢትልስን ያስቀዳው ኩባንያ ነው፤ ቢትልስም በነዚያው ወራት በለንደን ትልቅ የተባለውን የሳርጀንት ፔፐርን ሥራ መቅዳት ጀምረው ነበረ። የአጅ ዘፈኖች ግን ወደ ለንደን ስቱዲዮ አልሄዱም። የመቅረጫው መሣሪያ ወደ ናይልሲ መጣ፤ ሮያል ኦክ በሚባለው መጠጥ ቤት ውስጥ ሕዝቡ ብርጭቆውን ይዞ ተቀምጦ፣ አዝማቹን አብሮ እየተቀበለ፣ ሣቁና ጭብጨባው ሳይቀር ተቀዳ። ይህ ውሳኔ ትልቅ ውሳኔ ይመስለኛል። ሣቁ ከሌለ የአጅ ዘፈን ግማሹ የለም።

ከሸክላዎቹ የመጀመሪያው ድሪንክ አፕ ዛይ ዛይደር የተባለው ነበረ፤ ርእሱ ሳይደርህን ጨልጠው እንደ ማለት ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ሊረዳው እንዲችል ሆን ብሎ በዘ ተጽፏል። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ብዙ ከተሸጡት ሸክላዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ 45ኛ ሆነ። ይህ ቍጥር በለንደን ሰው ዘንድ ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ ገዢው ከመላው አገር የተሰበሰበ አልነበረም፤ አብዛኛው በብሪስቶልና በዙሪያዋ የሚኖር ሰው ነበረ። በምዕራቡ አገር ዘፈኑ እንደ ሕዝብ መዝሙር ሆነ።

በሸክላው ጀርባ የነበረው ዘፈን ሌላ ዕድል ገጠመው። ጉዳዩ የአንድ የእርሻ ሠራተኛና የአንዲት ልጅ ፍቅር፣ ከዚያም ሳይታሰብ በጥድፊያ የተደረገ ሠርግ ነው። ቢ.ቢ.ሲ. ዘፈኑን ብልግና አለበት ብሎ በራዲዮ እንዳይሰማ ከለከለው። ሴሲል ሻርፕ ስድሳ ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው ግዛት ከሽማግሌዎች አፍ ሰምቶ ያለሰለሰው ነገር ይኸው ነበረ። አጅ የጥንት ዘፈን ሳይሰበስብ የጥንቱን ዘፈን ጠባይ ይዞ መገኘቱን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምስክር አላውቅም።

በዚያው በ1967 ዓ.ም. ካወጧቸው ሸክላዎች አንዱ ስክረምፒ ኤንድ ዌስተርን የሚል ርእስ ነበረው። ከአሜሪካ የሚመጣው የከብት ጠባቂዎች ሙዚቃ ካንትሪ ኤንድ ዌስተርን ስለሚባል፣ አጅ የመጀመሪያውን ቃል አውጥቶ የአገሩን ደፍራሻ ሳይደር ተካበት። ቀልዱ እንደ ቀልድ አልቀረም፤ እስከ ዛሬ ድረስ ያ ዓይነት የምዕራብ እንግሊዝ አስቂኝ የባላገር ዘፈን በዚሁ ስም ይጠራል።

ከዘፈኖቹ ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎችና ለመንግሥት ሠራተኞች የሚጣፍጠን የጋራ ገበያ ወደ ስታንተን ድሩ በመጣ ጊዜ የሚል ርእስ ያለው ነው። ስታንተን ድሩ ከብሪስቶል በስተደቡብ የምትገኝ፣ በጥንት ዘመን በተተከሉ የድንጋይ ክበቦቿ የታወቀች ትንሽ መንደር ናት። እንግሊዝ የአውሮፓ የጋራ ገበያ አባል ለመሆን በ1961 ዓ.ም. ባመለከተች ጊዜ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዠነራል ደ ጎል በ1963 ዓ.ም. እምቢ አሉ፤ በ1967 ዓ.ም. እንደገና ብታመለክትም አሁንም እምቢ አሉ። የምክር ቤት አባሎች፣ የኢኮኖሚ ዐዋቂዎችና ጋዜጠኞች ስለ ቀረጥና ስለ ስንዴ ዋጋ ሲከራከሩ፣ አጅ የጠየቀው ግን ሌላ ጥያቄ ነበረ፤ ይህ ሁሉ ነገር በእውነት ወደዚያች መንደር ቢደርስ በመጠጥ ቤቱ፣ በምግቡ፣ በጭፈራው ላይ ምን ይሆናል አለ። ጥያቄው ያሥቃል። ይሁን እንጂ የትልቅ መንግሥት ውሳኔ በትንሽ መንደር ውስጥ ምን መልክ እንደሚኖረው ያሰበ ባለሥልጣን በዚያን ጊዜ ስንት እንደ ነበረ እንጃ። እንግሊዝ በመጨረሻ የገባችው በ1973 ዓ.ም. ነው፤ በ2020 ዓ.ም. ተመልሳ ወጣች።

ሌሎቹም ዘፈኖች የአገር ካርታ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፒል የምትባለዋ፣ ለብሪስቶል ወደብ መርከብ መሪዎችን ስታወጣ የኖረች መንደር ዘፈን አላት። ቹ ማግና የምትባለዋ መንደር ከላቲን አሜሪካ በመጣው በቻቻቻ ጭፈራ ተዘፍኖላታል። የስፔን ፍቅሩም ሳይዘነጋ፣ ሼፕተን ማሌት ከምትባል የሶመርሴት ከተማ የወጣ የበሬ ተጋዳይ ዘፈን ጽፏል። የብሪስቶል ከተማ በላቲን የተጻፈ መፈክር አላት፤ አጅ ያንን የተከበረ የላቲን ቃል ወስዶ የመጠጥ ቤት ዘፈን ርእስ አደረገው። ፍግ በመበተን የተመሰገነ ጀግና ስለሆነ ሰው የጻፈው ዘፈን ደግሞ የፈረስና የጦር ጀግና የሚወደስበትን ወግ ለገበሬው ጉልበት አውሎታል።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ አንባቢው ራሱ ይጠይቀኛል። ይህ ሰው የገዛ ወገኑን ለሣቅ አልሸጠምን። እርሱም እኮ የቴአትሩን ባላገር ባርኔጣ ደፍቶ፣ ያንኑ የሚሣቅበትን ዘ እያጐላ፣ ገበሬ ማለት ጠጪና ቀላል ሰው ነው የሚለውን የከተማ ሰው አሳብ ያጸናል። ይህ ክስ ባዶ አይደለም። አንድ ሸክላ ከታተመ በኋላ ማን እንደሚገዛው፣ ገዝቶም በማን ላይ እንደሚሥቅ ዘፋኙ ሊቆጣጠረው አይችልም። በለንደን ሳሎን ቁጭ ብሎ የሰማው ሰው ሞኝ ገበሬ ብሎ ሥቆ ይሆናል።

እኔ ግን ወደ ሮያል ኦክ ክፍል መመለስ እወዳለሁ። የመመርሴቱ ተዋናይ ሲያሥቅ ባላገሩ በአዳራሹ ውስጥ የለም፤ የሚሣቀው በሌለበት ነው። የአጅ ዘፈን በመጀመሪያ የተዘፈነው ባላገሩ ራሱ በተቀመጠበት፣ መንደሩ በስሙ በተጠራበት፣ አነጋገሩ ስሕተት ቢኖርበት ወዲያው በሚታወቅበት ክፍል ነው። በሰው ለመሣቅ የፈለገ የመንደሩን ስም ለማወቅ አይደክምም፤ ገበሬ ካለ ይበቃዋል። አጅ ግን የስታንተን ድሩን ከፒል፣ የናይልሲን ከቹ ማግና ለይቶ ያውቅ ነበረ፤ አድማጩም ለይቶ ያውቅ ነበረ። ትልቅ ከተማ ውስጥ ገብቶ የአገሩን ቃል ለመርሳት በሚጣደፍ ትውልድ መካከል ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ጓዱ ከአገር አገር እየዞረ መጫወቱን ቀጠለ፤ ሸክላም በተከታታይ አወጣ። ጓደኞቹ እየተለዋወጡ ሄዱ። በ1967 ዓ.ም. የገባው አኮርዲዮን ተጫዋቹ ቶሚ ባነር ስኮትላንዳዊ ነበረ፤ እርሱም በሶመርሴት ባርኔጣ ሥር ተሰልፎ ዘን እንደ አገሬው ሰው ተማረ። በኋላም ቶኒ ቤይሊስና ፒት ባድ ተጨመሩ። ይሁን እንጂ ከዚያች ከ45ኛዋ ሸክላ ወዲህ፣ አጅ በሕይወት ሳለ፣ ሌላ ዘፈኑ በመላው አገር የሽያጭ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ኑሮው የመንገድ ኑሮ ነበረ፤ ማታ በአንድ ከተማ ዘፍኖ ሌሊት መንዳት፣ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ከተማ።

በ1966 ዓ.ም.፣ ዉርዝልስ በተቋቋሙበት ዓመት፣ በሰቨርን ወንዝ ላይ እንግሊዝንና ዌልስን የሚያገናኘው ትልቁ ተንጠልጣይ ድልድይ ተመርቆ ነበረ። ቀድሞ በጀልባ ወይም እጅግ ዞሮ ይሄድ የነበረ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ የሚሻገርበት ሆነ፤ በሌሊት ከሥራ ለሚመለስ ዘፋኝም ትልቅ በረከት ነበረ። በሜይ 1974 ዓ.ም. ዉርዝልስ በሄርፎርድ ከተማ ተጫውተው ነበረ። አጅ ከትርኢቱ በኋላ ኤም.ጂ.ቢ. የምትባለውን ትንሽ የስፖርት አውቶሞቢሉን እየነዳ ወደ ቤቱ ጉዞ ጀመረ። ሃምሳ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ቼፕስቶ አጠገብ፣ ወደ ድልድዩ በሚያስገባው አደባባይ ላይ አውቶሞቢሉ ተገለበጠ። ድካም አሸንፎት መሪ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበረ። ቀኑ ሜይ 5 ነው፤ ዕድሜው 43 ዓመት። ከድልድዩ ማዶ አገሩ ነበረ። በናይልሲ ተቀበረ።

መሪው የሞተበት ጓድ አብዛኛውን ጊዜ ይበተናል፤ ዘፈኑን የሚጽፈውም በፊት የሚቆመውም አንድ ሰው በሆነበት ጓድ ደግሞ ይልቁን። ባነር፣ ባድና ቤይሊስ ግን ሦስት ሆነው ቀጠሉ። በ1976 ዓ.ም. አንድ ዘፈን አወጡ። ዜማው አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሜላኒ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያወጣችው ነበረ፤ ግጥሙ ደግሞ በአየርላንድ ተለውጦ፣ ብሬንዳን ግሬስ የሚባል የዚያ አገር ቀልደኛ ዘፍኖት በአገሩ ታውቆ ነበረ። ነገሩ አንድ ገበሬ አዲስ ኮምባይነር ገዝቶ፣ እርሱንና መሬቱን ተመክቶ ልጅቱን ለጋብቻ የሚጠይቅበት ነው። ዉርዝልስ ይህን በሶመርሴት አነጋገር ዘፈኑት፤ በጁን ወር ለሁለት ሳምንት በመላው እንግሊዝ አንደኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ስለ ሳይደር ጠጪ የዘፈኑት ሁለተኛ ዘፈን፣ እርሱም በተውሶ ዜማ ላይ የተሠራ፣ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ።

እንግዲህ ዓለም ዉርዝልስን ያወቃቸው አጅ ባልጻፈው፣ ባልዘፈነውና ባልሰማው ዘፈን ነው። ብዙ እንግሊዛዊ ስለ ኮምባይነሩ ዘፈን ሲጠየቅ ወዲያው ያዜማል፤ አጅ ከትለር ማን ነው ሲባል ግን ዝም ይላል። ዘፈኑን አልንቀውም፤ ሦስቱም ሰዎች በጓደኛቸው ሞት ሐዘን ውስጥ ሆነው ጓዱን ማዳናቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በኮምባይነሩ ዘፈን ውስጥ የአንዲት መንደር ስም እንኳ የለም። ገበሬው የየት አገር ገበሬ እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ለዚህ ይሆናል ሁሉም አገር የወደደው።

የብሪስቶል ሲቲ እግር ኳስ ቡድን በዚያው በ1976 ዓ.ም. ወደ መጀመሪያው ዲቪዚዮን ገብቶ ነበረ፤ ዉርዝልስም ስለ ቡድኑ አንድ ዘፈን አውጥተዋል። ይሁን እንጂ ቡድኑ በሜዳው በአሽተን ጌት ባሸነፈ ጊዜ ሕዝቡ ብድግ ብሎ ሲዘፍነው የኖረው የቆየው፣ 45ኛ የሆነው፣ በናይልሲ መጠጥ ቤት የተቀዳው የአጅ ዘፈን ነው። ከዘፋኞቹ አብዛኞቹ አጅ ከሞተ በኋላ የተወለዱ፣ በከተማ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ በቢሮና በሱቅ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። በየዕለት ንግግራቸው ሳይደርን በሰ ይጠሩታል፤ ያን ዘፈን ሲዘፍኑ ግን ሁሉም በዘ ነው የሚሉት።